ኤስኤስዲ ከመግዛትህ በፊት ኬብሉን እይ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ላይ ናቸው። ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ያለች ትንሽ የፋይል ሰርቨር አለች፣ ትንቀራፈፋለች፣ ለኬሽ፣ ማለትም ደጋግሞ የሚጠየቀውን ፋይል በቅርብ ለመያዣ፣ ተብሎ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማስቀመጫ) ሊገዛላት ታስቧል። ከድሬም ከሐረርም ነው የጻፋችሁት። የስልክና የላፕቶፕ ጥያቄዎችን ለሚቀጥለው አቆይቼ ገጹን በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬአቸዋለሁ፣ ስም አልጠቀስኩም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሳቢያን ነኝ፣ የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አራት ሰክቼ ትሩናስ (የፋይል ሰርቨር ሲስተም) ጭኜበታለሁ። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። እኔና አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከሁለት ኮምፒውተር እየገባን ኤዲት እናደርጋለን። ግን ይንቀራፈፋል፣ ታይምላይኑን ስጎትተው ቀጥ ይላል። ጓደኛዬ "አንድ ቴራ ኤንቪኤምኢ ለኬሽ ጨምርበት፣ ይበራል" አለኝ፣ ፈጣኑን የኤስኤስዲ ዓይነት ማለቱ ነው። ታይዋን ገበያ ወርጄ ስጠይቅ ሻጩ ካርቶኑ ላይ 7000 የሚል አሳየኝ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አቦ ገንዘብህን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው።

7000 ያለው በሰከንድ 7000 ሜጋባይት ለማለት ነው። ሻጩ አልዋሸህም። ፒሲአይኢ 4 (ኤንቪኤምኢው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር አራተኛ ትውልድ) ያለው ማዘርቦርድ ላይ ከተሰካ ወደዚያ አካባቢ ያነባል። ያንተ ዴስክቶፕ ፒሲአይኢ 3 ከሆነ ግን ግማሹን ነው የምታገኘው፣ በጣም ካረጀ ደግሞ የሚሰካበት የኤም.2 ቀዳዳም ላይኖረው ይችላል። እሱንም ተወው። ፋይሉ ከሰርቨሩ ወጥቶ አንተ ጋ የሚደርሰው በኔትወርክ ኬብል ነው፣ ጊጋቢት ኔትወርክ ደግሞ (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) ቢበዛ ቢበዛ በሰከንድ ከ110 እስከ 118 ሜጋባይት ያሳልፋል። አንድ ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ብቻውን ትልቅ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ 150ም 200ም ይሰጣል። አንተ አራት አለህ። ከኬብሉ ጀርባ 7000 ብታስቀምጥ 70 ሺህ ብታስቀምጥ፣ ኮምፒውተርህ ላይ የምታየው ያው 110 ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይቺን ሞክር። ወደ 20 ጊጋባይት የሚሆን አንድ ቪዲዮ፣ ቅርብ ጊዜ ያልከፈትከውን፣ ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተርህ ኮፒ አድርግና የሚያሳይህን ፍጥነት እይ። 11 ወይም 12 ሜጋባይት ላይ ተቸክሎ ከቀረ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ 100 ሜጋቢት ላይ ወርደሃል ማለት ነው። ወይ ስዊቹ (ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ወይም ራውተሩ አሮጌ ነው፣ ወይ ደግሞ ኬብሉ ነው። ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦ አለ። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ይሠራል። ለዚህ ነው ከቀሩት አራት አንዷ ስትበጠስ ወይም ጫፉ በደንብ ሳይመታ ሲቀር ኔቱ ዝም ብሎ ወደ 100 የሚወርደው። አይቋረጥም፣ ምንም አይልህም፣ መብራቷም ብልጭ ድርግም ትላለች፣ አንተ ሰርቨሩን ትራገማለህ። አዲስ ካት5ኢ ኬብልና አንድ ተራ ጊጋቢት ስዊች ካሰብከው ኤስኤስዲ በብዙ ይረክሳሉ። በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰ አንተው ታውቀዋለህ።

110 አካባቢ ከመጣልህ ኔትወርክህ ሞልቷል፣ ዲስኮችህ ጥፋት የለባቸውም። ከዚያ በላይ የምትፈልግ ከሆነ የሚቀጥለው ደረጃ 2.5 ጊጋቢት ነው፣ ወደ 280 ሜጋባይት ይሰጥሃል፣ ያው ካት5ኢ ኬብል ይበቃዋል። ካርድ ለሰርቨሩም ለኮምፒውተሮቹም፣ ስዊቹም 2.5 መሆን አለበት።

30፣ 50፣ እንደገና 20 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ያኔ ነገሩ ዲስኩ ጋ ነው። በተለይ ልጁ ሥራ ላይ ሲሆን የሚብስ ከሆነ። ሁለት ሰው ከተለያየ ቦታ ሲጠይቀው የሃርድ ዲስኩ መርፌ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፣ ጊዜው የሚያልቀው በማንበብ ሳይሆን በመሮጥ ነው።

እና ታዲያ ያኔ የኤስኤስዲ ኬሽ ይግባ? አሁንም ቆይ። ትሩናስ ፋይል የሚያስቀምጠው ዜድኤፍኤስ በሚባል ሥርዓት ነው። ዜድኤፍኤስ ደግሞ የመጀመሪያ ኬሹ ራም ላይ ነው፣ አርክ ይባላል። ባንተ 8 ጊጋባይት ላይ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ወስዶ ለአርክ የሚተርፈው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ራሙን ወደ 16፣ ከተቻለ ወደ 32 አሳድገው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሚገባው ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 ያገለገለው ገበያ ላይ አይጠፋም። ኤስኤስዲው ላይ የሚሆነው ሁለተኛው ኬሽ ኤል2አርክ ይባላል፣ እሱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚይዘው ማውጫ ደግሞ የሚቀመጠው ራም ላይ ነው። ራም ሳይኖርህ ትልቅ ኤል2አርክ ብትጨምር ያቺኑ ያለችህን ራም ይበላብሃል። ዘገምተኛውን ኬሽ ለመመገብ ፈጣኑን መቀነስ ነው የሚሆነው።

ይሄ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ላንተ ሥራ ኤል2አርክ ብዙ አይጠቅምም። ምክንያቱን ላስረዳህ። ባለሱቅ ስኳሩንና ሳሙናውን ባንኮኒው ሥር ያደርጋል፣ በዓመት አንዴ የሚጠየቀውን ጓዳ ይከተዋል። ኬሽም እንደዚያ ነው፣ የሚጠቅመው ደጋግሞ ለሚጠየቅ ዕቃ ነው። የአንድ ሰርግ ቪዲዮ 200 ጊጋባይት ይገባል፣ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ጊዜ ይነበባል፣ ደንበኛው ይረከብሃል፣ ከዚያ የሚጠይቅህ የለም። ከዚህም በላይ ኤል2አርክ ሳይነካካ እንደመጣ ሲሠራ፣ ዜድኤፍኤስ ቀድሞ የሚያነባቸውን ተከታታይ ፋይሎች ወደ ኤስኤስዲው አያስገባም፣ ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራው። ቪዲዮ ማለት ደግሞ ዋናው ተከታታይ ንባብ ነው። ስለዚህ ባለ 7000ው ኤስኤስዲህ ሰርቨሩ ውስጥ ተሰክቶ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ኤስኤስዲውን እገዛው ይሆናል፣ ግን ለኬሽ አላደርገውም። ለብቻው የሥራ ቦታ አድርገው። በዚህ ሳምንት የምትሠራቸው ሰርጎች እዚያ ላይ ይግቡ፣ ማታ ማታ ወደ ሃርድ ዲስኮቹ ኮፒ እንዲያደርግ እዘዘው፣ ሥራው ሲያልቅ ከኤስኤስዲው አጥፋው። ሁለታችሁም ከአንድ ቦታ ስትጎትቱ ኤስኤስዲ አይጨነቅም። ለዚህ ደግሞ ኤንቪኤምኢ ግዴታ አይደለም፣ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስክ በገመድ የሚሰካው) 550 ሜጋባይት ይሰጣል፣ ከ2.5 ጊጋቢቱ ኔትወርክ እንኳን ይበልጣል። ታይምላይኑ ቀጥ የሚልበት ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። 4ኬ ቪዲዮን ያለ ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ) የምትቆርጥ ከሆነ ድካሙ የኮምፒውተርህ ፕሮሰሰር ላይ ነው፣ ሰርቨሩ ምንም አላጠፋም። ፕሮክሲ ሥራ።

ጓደኛህን ግን አትጣላው። ያለው ነገር ለሌላ ሰው ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ ሸዋ በር አካባቢ። ወንድሜ ከውጭ የላከልን ሲኖሎጂ (ዝግጁ ሆኖ የሚሸጥ የፋይል ሰርቨር) አለን፣ ሁለት የኤም.2 ቀዳዳ አለው፣ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ውስጡ የቤተሰብ ፎቶ፣ ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች፣ አባታችን ስካን ያስደረጋቸው የድሮ የእጅ ጽሑፎች አሉ። እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይል ነው። አንድ ፎልደር ሲከፈት ምስሎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ነው የሚመጡት። ኬሽ ይረዳኛል? አንድ ልግዛ ሁለት? ምን ያህል ይሁን?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ አንቺን ይረዳሻል። ያ የሳቢያኑ ጓደኛ የተናገረው ያንቺን ጉዳይ ነው።

ሒሳቡን እይው። ሃርድ ዲስክ ከአንዱ ትንሽ ፋይል ወደ ሌላው ለመሄድ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በሰከንድ መቶ ያህል ፋይል ማለት ነው፣ ፋይሉ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን። 3000 ገጽ ያለበትን ፎልደር ስትከፍቺ እያንዳንዷ ትንሽ ምስል ለብቻዋ ትነበባለችና ግማሽ ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ኤስኤስዲ የሚሮጥ መርፌ የለውም፣ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያነባል። እዚህ ላይ ልዩነቱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ፣ ኬሽ የሚያውቀው ቀደም ብሎ የተነበበውን ነው። በገጠምሽው ቀን ምንም ለውጥ ላታዪ ትችያለሽ። ስትጠቀሚበት፣ ደጋግመሽ ስትከፍቺ ነው እየፈጠነ የሚሄደው።

መጠኑን በሚመለከት፣ ኬሹ ያለሽን ፋይል ሁሉ መያዝ የለበትም፣ ደጋግመሽ የምትነኪውን ብቻ ይያዝ። ሲኖሎጂ ስቶሬጅ ማናጀር ውስጥ የኤስኤስዲ ኬሽ አማካሪ አለ፣ አስነሺውና ለተወሰነ ጊዜ ተዪው፣ አጠቃቀማችሁን አይቶ ይሄን ያህል ይበቃሻል ይልሻል። ለቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ 250 ወይም 500 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ወይስ ሁለት ያልሽው ዋናው ጥያቄ ነው። ለማንበብ ብቻ የሚሆን ኬሽ በአንድ ኤስኤስዲ ይሠራል። እሱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሃርድ ዲስኩ ላይም ስላለ ቢሞት የሚጠፋብሽ ፋይል የለም፣ ፍጥነቱ ወደ ድሮው ይመለሳል እንጂ። ለማንበብም ለመጻፍም የሚሆነውን ኬሽ ግን ሲኖሎጂ ራሱ ያለ ሁለት ኤስኤስዲ አይፈቅድልሽም። ለምን መሰለሽ? አዲስ የሚገባው ፋይል መጀመሪያ ኤስኤስዲው ላይ ያርፋል፣ ወደ ሃርድ ዲስኩ የሚወርደው በኋላ ነው። በመሃል ኬሹ ከተበላሸ ያልወረደው ነገር የትም የለም። ከባሰም ቮልዩሙ (ፋይሎቹ ያሉበት ክፍል) ራሱ ሊከፈት እምቢ ይላል።

የአባትሽ ጽሑፎች አንዴ ገብተው የሚቀመጡ ናቸው፣ ለመጻፍ ጥድፊያ የለሽም። ለማንበብ ብቻ አድርጊው፣ አንድ ግዢ፣ ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶውን ይቀመጥ። ከመግዛትሽ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዘሽ ሲኖሎጂ ድረ ገጽ ላይ የሚቀበላቸውን ኤስኤስዲዎች ዝርዝር እዪ፣ ዝርዝሩ ውስጥ በሌለው ላይ እንደ ሞዴሉ ያኮርፋል። በተረፈው ብር ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዝተሽ የእጅ ጽሑፎቹን ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቤት አስቀምጪ። እንደዚህ ያለ ነገር አንድ ቦታ ብቻ መኖሩ ከፍጥነቱ በላይ ነው ያስጨነቀኝ።

ጥያቄ፦ ቀፊራ ሱቅ አለኝ። አራት ካሜራ አስገጥሜ ቅጂው ቤት ባለው ሰርቨር ላይ እንዲገባ አድርጌያለሁ። አንሬይድ የሚባል የሰርቨር ሲስተም ነው የጫንኩት፣ ባለ 250 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ኬሽ አለው። አንድ ልጅ በርጫ ላይ "ካሜራ ኤስኤስዲ ይበላል፣ በዓመት ይጨርሰዋል" ብሎ አስደነገጠኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጁ ትንሽ አጋኖታል፣ ግን መነሻው ልክ ነው።

ኤስኤስዲ ላይ ሲጻፍ ያልቃል። አምራቾቹ ስንት ቴራባይት ቢጻፍበት ዋስትና እንደሚሰጡ ይናገራሉ፣ ቲቢደብሊው ብለው ይጽፉታል። ለምሳሌ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 250 ጊጋባይቱ 150 ቴራባይት ነው፣ ባለ 1 ቴራባይቱ 600። አንተ አራት ካሜራ አለህ፣ እያንዳንዱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ አራቱ አንድ ላይ 2 ሜጋባይት ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ሌሊትና ቀን አታርፍም። በቀን ወደ 173 ጊጋባይት፣ በዓመት 63 ቴራባይት። ባለ 250ው በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቁጥሩን ይሞላዋል። ባለ 1 ቴራው ዘጠኝ ዓመት ያልፋል። ቁጥሩ ሲሞላ በዚያው ቀን ይሞታል ማለት አይደለም፣ ዋስትናው ግን አለቀ።

ለቤት ሰርቨር ብለው የሚሠሯቸው ደግሞ አሉ፣ ደብሊውዲ ሬድ ኤስኤን700 ባለ 500 ጊጋባይቱ 1000 ቴራባይት፣ ባለ 1 ቴራው 2000 ነው። ለኬሽ ኤስኤስዲ ስትመርጥ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ፍጥነት ተወውና ይሄንን ቁጥር ፈልግ። ካርቶኑ ላይ ካጣኸው የሞዴሉን ስም ስልክህ ላይ አስገብተህ የአምራቹን ገጽ እይ።

ላንተ ግን መግዛትም አያስፈልግህም። አንሬይድ ላይ እያንዳንዱ ሼር (በኔትወርክ የሚከፈት ፎልደር) ኬሽ ይጠቀም አይጠቀም ብለህ ለየብቻው መወሰን ትችላለህ። የካሜራውን ሼር ከኬሹ አውጣው፣ በቀጥታ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጻፍ። 2 ሜጋባይት በሰከንድ ለሃርድ ዲስክ ምኑም አይደለም። ዲስኩ ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል፣ መብራት ትንሽ ይበላል፣ በቃ ይሄው ነው ጉዳቱ።

በነገራችን ላይ ለማንበብ ብቻ የሚሆን ኬሽም ይጻፍበታል። ወደ ኬሹ የሚገባ ነገር ሁሉ ኤስኤስዲው ላይ መጻፉ አይቀርም። ኬሹ ትንሽ ከሆነና የምታነበው ብዙ ከሆነ አንዱን እያስወጣ ሌላውን ሲያስገባ ይውላል።

ጥያቄ፦ ከዚራ ነው የምኖረው። መብራት እየሄደ እየመጣ መከራዬን ነው የማየው። ኤስኤስዲ መብራት ሲጠፋ ይቃጠላል ይላሉ። ስታብላይዘር አለኝ፣ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል፣ የሄደ መብራት ግን አያመጣልህም። ለሰርቨር የሚያስፈልገው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ነው።

ኤስኤስዲ መብራት ስለጠፋ ብቻ አይቃጠልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው መብራቱ ሲመለስ ድንገት የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው፣ እሱ ደግሞ ማዘርቦርዱንም ቴሌቪዥኑንም አይምርም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ኤስኤስዲ ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው። የመጣለትን ፋይል ለጊዜው የራሱ ትንሽ ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል፣ ወደ ቋሚው ቦታ ሳያደርሰው መብራት ከጠፋ ያ ነገር ይጠፋል። የማውጫው ክፍል ከተነካ ደግሞ ሁሉም ይመሰቃቀላል፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ አልነሳም ይላል።

ለድርጅት ሰርቨር የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች ለዚህ መላ አላቸው። ቦርዱ ላይ ትንንሽ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል፣ መብራት ሲጠፋ እነሱ የያዙት ኃይል በእጁ ያለውን ጽፎ እስኪጨርስ ያቆየዋል። ኢንቴል ኤስ3500ና ኤስ3700፣ ሳምሰንግ ፒኤም883 እንደዚህ ናቸው፣ ሦስቱም ሳታ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ያገለገሉትን በደህና ዋጋ ያገኛቸዋል። ኤንቪኤምኢ የሆነውን የድርጅት ኤስኤስዲ ስትፈልግ ግን ርዝመቱን እይ። ብዙዎቹ 22110 ይላሉ፣ 110 ሚሊሜትር ናቸው። የቤት ማዘርቦርድ ላይ ያለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 2280 ነው፣ 80 ሚሊሜትር። ሦስት ሴንቲሜትር ይተርፍና የትም አይገባም።

የመጻፊያ ኬሽ የምትጠቀም ከሆነ ካፓሲተር ያለውን ፈልግ፣ ዩፒኤስም ይኑርህ። የማንበቢያ ብቻ ከሆነ ተራው ይበቃል፣ ዩፒኤሱን ግን ለሃርድ ዲስኮቹም ስትል ግዛው። እና እባክህ የዩኤስቢ ገመዷን ሰርቨሩ ላይ ሰካት! ካርቶኑ ውስጥ ተጠቅልላ የምትቀረዋ እሷ ናት። ትሩናስም ሲኖሎጂም አንሬይድም ዩፒኤሱን በእሷ ያነጋግሩትና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሳቸውን በሥርዓት ያጠፋሉ። ያለ እሷ ዩፒኤስህ መጥፋቱን አሥር ደቂቃ ከማዘግየት በቀር የሚያደርግልህ ነገር የለም።

ባትሪውን ደግሞ ድሬ ላይ እንደ ሌላው አገር አትቁጠረው። የዩፒኤስ ባትሪ ለ25 ዲግሪ ነው የተሠራው፣ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሻጩ አራት ዓመት ካለህ አንተ ሁለት ብለህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ሙቀቱስ? የኔ ኤንቪኤምኢ ከሰዓት በኋላ ይሞታል፣ ማታ ይነሳል። ሰርቨሩ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ነው። ድሬ።

መልስ፦ ድሬ ባትለኝም ገብቶኛል። አልሞተም፣ ሞቆት ነው። የኤንቪኤምኢ የሥራ ሙቀት ገደቡ በአብዛኛው 70 ዲግሪ ነው፣ ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በጣም ሲብስበት ይጠፋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጪው 35 ሲያልፍ የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ስንት እንደሚሆን አስበው። ከቡፌው አውጣው። በላዩ ላይ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ አድርግለት፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ነፋስ ካልነካው ግን እሱም ዋጋ የለውም። ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ አራግፍ፣ ደቻቱ አካባቢ ከሆንክ ቶሎ ቶሎ አራግፍ። አዲስ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ሳታውን አስብበት፣ ከኤንቪኤምኢ በጣም ያነሰ ነው የሚሞቀው፣ በጊጋቢት ኔትወርክ ደግሞ ልዩነታቸውን አታየውም። ሐረሮች ይሄን ጥያቄ እለፉት፣ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ተቀምጣችሁ የኛን ሙቀት አታውቁትም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኤስኤስዲ ወይም በጣም የረከሰ አዲስ ብገዛ ምን ምን ልይ? ፎርጅድ በዝቷል።

መልስ፦ ላፕቶፕ ይዘህ ሂድ፣ ኤም.2 ከሆነ የሚሰካበትን የዩኤስቢ መያዣም ያዝ። ሻጩ "አቦ አታካብድ፣ ወላሂ ኦርጅናል ነው" ይልሃል። ይበልህ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈትና እስካሁን የተጻፈበትን መጠን፣ የበራበትን ሰዓትና የቀረውን ዕድሜ በመቶኛ እይ። "አዲስ ነው" የተባለው ስድስት ሺህ ሰዓት ካሳየህ ወሬው አለቀ። ሊኑክስ ላይ በስማርትሲቲኤል የምታይ ከሆነ የኤንቪኤምኢ ቁጥሩ በዩኒት ነው፣ አንዱ ዩኒት 512 ሺህ ባይት ነው። 120 ሚሊዮን ዩኒት ካለህ ወደ 61 ቴራባይት ተጽፎበታል ማለት ነው። 600 ቲቢደብሊው ለሚለው ኤስኤስዲ ይሄ ገና ጎረምሳ ነው፣ ግዛው።

ፎርጅዱን ግን እነዚህ ቁጥሮች ላያጋልጡት ይችላሉ። 2 ቴራባይት ይላል፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ ያሳይሃል፣ ውስጡ ግን 64 ጊጋባይት ነው። ትጽፍበታለህ፣ ይቀበላል፣ ስትመልሰው ባዶ ነው። የሚያጋልጠው ሙሉውን ሞልቶ መልሶ ማንበብ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 ይህንን ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ለትልቅ ዲስክ ሰዓታት ይፈጃል፣ ሱቁ በር ላይ ቆመህ አትጨርሰውም። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት እስከ ነገ ካልሠራ እንደሚመልስልህ ተማመን፣ ደረሰኝ ላይ አስጽፈው። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂድ፣ ታይዋን ውስጥ ሱቅ አልጠፋም።

ሌላው ማየት ያለብህ ኪውኤልሲ የሚባለውን ዓይነት ነው። ኦርጅናል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ፎቶና ፊልም ለማስቀመጥ ምንም አይልም። ለመጻፊያ ኬሽ ግን አትግዛው። ሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ ባለ 1 ቴራባይቱ ሲጀምር በ500ዎቹ ይጽፋል፣ ፈጣኗ ክፍሉ ስትሞላ ግን ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ከሃርድ ዲስክ ያነሰ ማለት ነው፣ ሃርድ ዲስኩን ሊያፈጥን ተገዝቶ። ቲቢደብሊውም 360 ነው፣ ከኢቮው ጋር ስታስተያየው ግማሽ ምናምን።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ ናት። ኬሹ ቢሞት ፋይሌ አብሮ ይጠፋል? ዜድኤፍኤስ ነው።

መልስ፦ የትኛው እንደሆነ ይወሰናል። ኤል2አርክ ከሆነ ምንም አትሆንም፣ ነቅለህ ጣለው። ስሎግ (የሚጻፈው ነገር ወደ ሃርድ ዲስኩ እስኪወርድ የሚመዘገብበት ኤስኤስዲ) ከሆነ የሚያሰጋህ ኤስኤስዲውና መብራቱ እኩል ከሄዱ ብቻ ነው፣ እሱም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ነው የሚወስድብህ። ስሎግ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመጻፊያ ኬሽ አይደለም፣ ከዊንዶውስ ወደ ሼር ፋይል ኮፒ ስታደርግ ምንም አያፈጥንልህም። ጥቅሙ ለዳታቤዝና ለቨርቹዋል ማሽን ነው፣ መጠኑም 16 ጊጋባይት ለቤት ይተርፋል። ስፔሻል ቪዴቭ የሚባለውን ከጨመርክ ግን ተጠንቀቅ፣ እሱ ኬሽ አይደለም፣ የገንዳው፣ ማለትም የዲስኮችህ ስብስብ፣ ማውጫ ራሱ እዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንድ ኤስኤስዲ ብቻ አድርገህበት እሷ ከሞተች ሃርድ ዲስኮችህ ደህና ሆነው ፋይሎችህ ግን የሉም። ቢያንስ ሁለት፣ በሚረር (አንዷ የሌላዋ ቅጂ ሆና)። አሁን በአንድ ያደረግከው ከሆነ ዛሬውኑ ሁለተኛዋን ግዛና ጨምርባት።